ለገና ማታ መጽሐፍ ከመምረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለገና ወደ ወገዳ፣ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የሚገቡ ከሆነ ሻንጣዎ ውስጥ ቡናና ስኳር፣ ለእናትዎ ነጠላ፣ ለልጆቹ ጫማ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ይህ ጽሑፍ ከእነዚያ ጎን አንድ መጽሐፍ ለመጨመር ላሰቡ ነው፤ አንጀት የሚያርስ፣ ክርስቲያናዊ መንፈስ ያለው፣ በገና ሰሞን ማታ ማታ የሚነበብ ልብ ወለድ። አዲስ አበባ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ቆሞ ሽፋኑ ላይ ኮከብና ሻማ ያለበትን ማንሣት ቀላል ነው። ስማዳ ገብቶ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ሰባት ስምንት ሰው ፊት ያንኑ መጽሐፍ መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ በዚህ ተሳስቼ አውቃለሁ፤ የተማርሁትን ልንገርዎ።

አንባቢው አንድ፣ ሰሚው ብዙ ነው

ከተማ ላይ መጽሐፍ የሚመረጠው ለአንድ ሰው ዓይን ነው። ጋይንት ላይ ለብዙ ሰው ጆሮ ነው። ዳዊት በድምፅ ይደገማል፤ ተአምረ ማርያምን ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል፤ ስንክሳሩ የዕለቱን ቅዱስ ታሪክ ለጉባኤው ያሰማል። ልብ ወለድም ቢሆን ወደ ብዙ ቤት የገባው በጆሮ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ገጹን ገልጠው ያላዩ ስንት ሰዎች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጆች ያውቋቸዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ይክፈቱና ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ሻጩ ቢያይዎት ምንም አይደል። ትንፋሽዎ ከዓረፍተ ነገሩ ቀድሞ ካለቀ፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ደግሞ ይብስብዎታል። ንግግሮቹን ይመልከቱ። ዛሬ ብዙ ደራስያን «አለ»፣ «አለች» ሳይሉ በሰረዝ ብቻ ንግግር ያስቀምጣሉ፤ ዓይን ይከተለዋል፣ ጆሮ ግን ማን እንደ ተናገረ ይጠፋበታል። የሰዎቹንም ቁጥር ይቁጠሩ። በመጀመሪያው ማታ ከአራትና ከአምስት በላይ አዲስ ስም የሚመጣ ከሆነ፣ በሁለተኛው ማታ ግማሹን ጊዜ «ይኼ ደግሞ የማን ልጅ ነበር?» የሚለውን ሲመልሱ ያልፋሉ።

ልብ ወለድ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል?

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት። አያቴ ቆብ ከጫኑ በኋላ ሁላችንም «እማሆይ» ነበር የምንላቸው። ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው አንዲት አጭር ልብ ወለድ አነበብሁላቸው፤ ልጆቹን በብርድ ወራት ጎረቤት አስጠግቶ እንጀራ ፍለጋ ስለ ወጣ ድኻ አባት የምትተርክ። እማሆይ እንዝርታቸውን አስቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ጀመር። ደስ አለኝ፤ መጽሐፉ ልባቸው ገባ ብዬ። ስጨርስ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

«የማን፣ እማሆይ?»

«የሰውዬው ነዋ ልጄ። ለመምሬ ነግሬ በጸሎት እንዲያስቡልኝ።»

እውነቱን ነገርኋቸው። ሰውዬው የለም፣ ልጆቹም የሉም፣ ደራሲው ከልቡ የፈጠረው ነው አልሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው እሳቱን ካዩ በኋላ «ታዲያ ያለቀስሁት ለማን ነው?» አሉ። ያን ማታ መልስ አልነበረኝም። ቅር ብሏቸው አደሩ፤ እኔም እንደ ዋሸ ሰው አፍሬ አደርሁ።

በዚያ አገር መጽሐፍ የተባለ ነገር ሲነበብ የሚሰሙት ሰዎች ቀድሞ የሚያውቁት ገድልን፣ ተአምርን፣ ድርሳንን ነው። የቅምሩ በላዔ ሰብእ 78 ሰው በልቶ፣ ለተጠማ ድውይ በእመቤታችን ስም ባጠጣው ጥርኝ ውኃ እንደ ዳነ ሲሰሙ «ይህ እውነት ነው ወይስ ድርሰት?» ብለው አይጠይቁም። መጽሐፍ የገለጠ ሰው እውነት እንደሚናገር አምነው ይቀመጣሉ። ይህ እምነት ትልቅ ነገር ነው፤ ያላግባብ ሊጠቀሙበት አይገባም።

ስለዚህ ሳይጀምሩ ይንገሯቸው። አማርኛ ለዚህ ውብ ቃል አለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ሲያሳትሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ሰየሙት፤ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው ነው። ስሙ ራሱ አይዋሽም፦ ታሪክ ነው፣ ግን ልብ የወለደው። «ዛሬ የማነብላችሁ ልብ የወለደው ነው፤ ክርስቶስም በምሳሌ ይናገር ነበር» ቢሉ ማንኛውም ሽማግሌ ይገባዋል። የጠፋው ልጅና ደጉ ሳምራዊ የተነገሩት በምሳሌ መሆኑን መምሬ ራሳቸው በስብከታቸው ያስተምሯቸዋል።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ። በየንግሡ ደጀ ሰላም ዙሪያ ከሚዘረጉት ትንንሽ መጻሕፍት መካከል ሽፋናቸው ላይ «እውነተኛ ታሪክ» የሚል የተጻፈባቸው አሉ። ውስጣቸው ሲገለጥ ግን የሰውዬው አገር፣ ደብር፣ ዘመን ምንም አይገኝም። ታሪኩ ጥሩ ቢሆን እንኳ እንዲህ ያለውን ይተዉት። ልብ ወለድ ሆኖ ልብ ወለድ ነኝ የሚል መጽሐፍ ይበልጣል።

መጨረሻውን አስቀድመው ያንብቡ

ደስታ በሚመስል ሽፋን ውስጥ ሞት ተደብቆ ይገኛል። የዴንማርኩ ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1845 እ.ኤ.አ. የጻፋት ክብሪት ሻጯ ልጅ በየዓመቱ ከገና መጻሕፍት ጋር ትታተማለች፤ ልጅቱ ግን መንገድ ዳር በብርድ ትሞታለች። የሩሲያዊው ደራሲ የቼኾቭ «ቫንካ» (1886 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ከዚህም የቀረበ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ሞስኮ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀጥሮ ይገረፋል፣ ይራባል። በገና ዋዜማ ወደ አገር ቤት እንዲወስደው ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አድራሻው ላይ ግን ገጠር ላለው አያቱ ከማለት በቀር የቦታ ስም የለበትም። አንባቢው ደብዳቤው እንደማይደርስ ያውቃል። ልጁ በተስፋ ይተኛል።

ከጋይንትና ከስማዳ ስንት ልጅ ወደ ከተማ ወጥቶ ሊስትሮ፣ ተሸካሚ፣ የቤት ሠራተኛ ሆኗል? እርስዎ «ቫንካ»ን በሚያነቡበት ቤት ከልጇ ወሬ ከሰማች ወራት ያለፋት እናት ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ድንቅ ድርሰት ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ለብቻዬ ግን ነው የማነብበው።

ሐዘን ያለበትን ቤት ለይተው ይወቁ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በነበረው ጦርነት ወንድም ወይም ባል ያልቀበረ ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። ሐዘንተኛ ቤት የሞት ታሪክ አይነበብ ማለቴ አይደለም። ሞትን ለማስለቀሻ ብቻ የሚጠቀም መጽሐፍ ግን አይግባ። ልዩነቱን በቀላሉ ይለዩታል፦ ከሞቱ በኋላ ስንት ገጽ አለ? ደራሲው ሰው ገድሎ በማግሥቱ መጽሐፉን ከዘጋ ሐዘንተኛዋን እዚያው ጥሏት ሄዷል። ከሞቱ በኋላ የሚያጽናና፣ የሚቀብር፣ ተዝካር የሚያወጣ፣ እንደ ገና የሚያርስ ሰው ካለ አብሯት ይቆያል። ለተፈናቀለ ቤተሰብ ደግሞ የእመቤታችንን ወደ ግብፅ መሰደድ መነሻ ያደረጉ ታሪኮች ይስማማሉ። ስደቱን ከጽጌ ጾም ጀምሮ ሲሰሙት ስለ ሰነበቱ እንግዳ አይሆንባቸውም።

በዚህ መለኪያ «ፍቅር እስከ መቃብር» ራሱ የገና መጽሐፍ አይደለም። ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ስሙም አስቀድሞ የሚነግርዎ ወደ መቃብር እንደሚወስድዎ ነው። «ጦቢያ» ግን ነው። የክርስቲያኖች የጦር አለቃ ተማርኮ ይሸጣል፤ ማንነቱን ያልገለጸ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ ልጁ ዋሕድ ያን ውለታ ለመመለስ ነጋዴውን ሊፈልግ ወጥቶ ራሱ በባርነት ይወድቃል፤ እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። መጨረሻው ሠርግና ጥምቀት ነው። ውለታ ሳይመለስ እንቅልፍ የማይወስደው ቤተሰብ ታሪክ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ወዲያው ይቀበሉታል። አማርኛው ጥንታዊና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ደራሲው የዘጌ ተወላጅ በመሆናቸው ግን የአዲስ አበባ ልጅ መዝገበ ቃላት የሚፈልግበትን ቃል የስማዳ አሮጊት ያለ ችግር ትሰማዋለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቃሉን እኔ ስጠይቅ እማሆይ ሲመልሱልኝ አምሽተናል።

በረዶውን፣ ዝይውን፣ ዛፉን ምን ያደርጓቸዋል?

የውጭ የገና ታሪኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በበረዶ ውስጥ ናቸው። ይህ ብቻውን አያስጨንቅዎ። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋስ መውጫም ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን በአውድማ እህል ሲጠብቅ ያደረ ወይም ደበሎ ለብሶ ከበጎች ጋር በውርጭ ያነጋ ሰው ብርድ ምን እንደ ሆነ ከለንደን ሰው ይልቅ ያውቃል። «በረዶ» የሚለውን ሲያነቡ የክረምቱ ጠጠር በረዶ እንዳይመስላቸው «እንደ ውርጭ ምድሩን የሚያለብስ» ብለው ያልፋሉ፤ ያ ይበቃል። እንዲያውም ሌሊቱን መንጋቸውን ሲጠብቁ የነበሩት የቤተልሔም እረኞች የሚመጡበት ታሪክ ለዚህ አገር ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ ትንሽ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ጋይንት የራሷ ቤተልሔም አላት፤ የድጓ መምህራን የሚመሰክሩባት፣ ለዜማው ስልት ስሟን የሰጠች ታላቅ ደብር። በየቤተ ክርስቲያኑም ኅብስቱ የሚዘጋጅበት ቤት ቤተልሔም ይባላል። ልጆች «ቤተልሔም» ሲባሉ መጀመሪያ ወደ የትኛዋ እንደሚሄዱ ስለማይታወቅ «የይሁዳ ቤተልሔም» ይበሉ።

የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ሲውል እኛ ኅዳር 15 የገባውን የነቢያት ጾም ገና አልጨረስንም። በእንግሊዛዊው ደራሲ በዲከንስ የገና ታሪክ ውስጥ የድኻው ቤተሰብ ዝይ ጠብሶ ሲበላ ያለው ትዕይንት የመጽሐፉ ጌጥ ነው። ሽሮና ጎመን በልተው ለተቀመጡ ጿሚዎች ግን ሲነበብ ጥሩ አይደለም። የግብዣ ትዕይንት ያለበትን ከታኅሣሥ 29 በኋላ ያቆዩት፤ ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ በዓሉ 28 ላይ መዋሉን ልብ ይበሉ። ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት ለእንዲህ ያለው መጽሐፍ የተመቹ ናቸው። በዋዜማው ሌሊት ግን ምንም አያንብቡ፤ ሰው ሁሉ ማኅሌት ላይ ነው፤ እርስዎም እዚያው ይሁኑ።

መናፍስትና አራተኛው ሰብአ ሰገል

የዲከንስን ታሪክ ካነሣን ዘንድ፦ በታኅሣሥ 1843 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 6,000 ቅጂ ገና ሳይደርስ አልቆ ነበር፤ ዓለም ሁሉ የገናን ታሪክ ከእሱ ተምሯል ማለት ይቻላል። ስስታሙን ሽማግሌ ስክሩጅን ወደ ደግነት የሚመልሱት ግን መናፍስት ናቸው። አማርኛ ላይ «መንፈስ» የሚለው ቃል ያለ ቅጽል ሲመጣ እማሆይ አስቀድመው ያማትባሉ። ሌሊት ወደ ሰው መኝታ የሚገባ መንፈስ መልካም ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት ሲሞክሩ ታሪኩ ያመልጥዎታል። ተርጓሚው በራእይ ወይም በሕልም መልክ ያስኬደው ትርጉም ካገኙ ይውሰዱት፤ ካላገኙ ለወጣቶቹ ብቻ ይሁን።

አሜሪካዊው ሄንሪ ቫን ዳይክ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የጻፉት ደግሞ ስለ አራተኛው ሰብአ ሰገል የሚተርክ ነው። አርጣባን የሚባል ጠቢብ ለተወለደው ንጉሥ ሦስት ዕንቊ ይዞ ተነሥቶ፣ በመንገድ ያገኛቸውን ችግረኞች ሲረዳ ዕድሜውንም ዕንቊውንም ይጨርሳል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ሆኖም የመጽሐፍ ሰው በተቀመጠበት ቤት «ሰብአ ሰገል ስንት ናቸው?» የሚለው ክርክር መነሣቱ አይቀርም። እኔ ይህን ክርክር አልሸሸውም፤ ሌሊቱን ያሳጥረዋል። መምሬ ካሉ ግን አስቀድመው ያማክሯቸው። ታሪኩ ወንጌልን ሊያሟላ ሳይሆን ምሳሌ ሊሆን የተጻፈ መሆኑን እሳቸው ቢናገሩት ይሻላል።

ጀግናው ምን ሠራተኛ ነው?

ይህን ጥያቄ በማንኛውም የመጽሐፍ መምረጫ ምክር ላይ አያገኙትም፤ በእኛ አገር ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል።

እኔ ለገና ማታ አንድ ታሪክ ብቻ ምረጥ ብባል የቶልስቶይን ጫማ ሰፊ እመርጣለሁ፤ ፍቅር ካለበት እግዚአብሔር እንዳለ የሚተርከውን፣ በ1885 እ.ኤ.አ. የወጣውን። ማርቲን ሚስቱንና ልጁን ቀብሮ ምድር ቤት ውስጥ ብቻውን የሚኖር ነው። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ስለሆነ ሰውን የሚለየው በሰፋለት ጫማ ነው። አንድ ሌሊት ክርስቶስ ነገ እመጣለሁ ሲለው ይሰማል። በማግሥቱ ሲጠብቅ ይውላል። በረዶ ሲጠርግ የደከመውን ሽማግሌ አስገብቶ ሻይ ያጠጣል፤ ሕፃን ታቅፋ በብርድ የምትንቀጠቀጥ ሴት አብልቶ ካፖርቱን ይሰጣታል፤ ፍሬ የሰረቀን ልጅና ባለ ፍሬዋን አሮጊት ያስታርቃል። ማታ ላይ የጠበቀው እንግዳ ቀኑን ሙሉ ሲገባና ሲወጣ እንደ ዋለ ይረዳል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ነው፣ ሥጋ ለብሶ።

አሁን ይህን በስማዳ ቤት ያስቡት። ጫማ ሰፊ ማለት ቆዳ የሚሠራ ሰው ነው። አገራችን ለቆዳ ሠራተኛ፣ ለሸክላ ሠሪ፣ ለቀጥቃጭና ለሸማኔ ምን ዓይነት ስም ሲሰጥ እንደ ኖረ እናውቃለን። «ፋቂ» ብሎ የሰደበ፣ «ቡዳ» ብሎ ልጁን የደበቀ፣ ከእነሱ ጋር ጋብቻን የጠላ ብዙ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አላለቀም። እናም እርስዎ ቁጭ ብለው ክርስቶስ የመረጠው ቤት የጫማ ሰፊ ቤት እንደ ነበር ሲያነቡ፣ በዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ጎረቤት አለው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ አንድ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር፤ የደስታ ጸጥታ አልነበረም። አንድ አጎቴ ተቆጥተው ወጡ። ሌላኛዋ ዘመዴ ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማሰሮ የምትሸጥላቸው ሴትዮ ቤት ድፎ ዳቦ ይዛ ሄደች፤ ከዚያ በፊት ከደጃፍ አልፋ ገብታ የማታውቅበት ቤት ነው። ስለዚህ ታሪኩን አይለውጡ። አንዳንድ ሰው «ጫማ ሰፊውን ገበሬ ባደርገው ይቀላል» ይላል። ይቀላል፤ የታሪኩ ጅማት ግን ይቆረጣል። ዮሴፍ ራሱ እንጨት ጠራቢ ባለሙያ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው የገና ቤት የባለሙያ ቤት ነው።

የሚያነቡትን ሌላ መጽሐፍም በዚሁ ይፈትኑት። ድኾቹ ምን ያደርጋሉ? በብዙ የገና ልብ ወለድ ድኻው ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሀብታም መጥቶ ያድነዋል፤ ተመስገን ብሎ ያለቅሳል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያለፈ፣ እርዳታ ስንዴ ሲሰፈርለት ተራ የጠበቀ አገር እንዲህ ያለውን ታሪክ ጠግቦታል። ድኻ ለድኻ የሚሰጥበትን ይፈልጉ። የቅምሩ ሰው ጥርኝ ውኃ፣ የማርቲን ካፖርት፣ በኦ. ሄንሪ አጭር ታሪክ (1905 እ.ኤ.አ.) ሚስት ጸጉሯን ሸጣ ለባሏ የሰዓት ማሰሪያ፣ ባል ሰዓቱን ሸጦ ለሚስቱ የጸጉር ማበጠሪያ የገዙበት ገና፤ እነዚህ ሰጪዎች ሁሉ ከጉድለታቸው ነው የሰጡት። የኦ. ሄንሪዋ በአንድ ማታ ታልቃለች፤ ሹሩባ የሚሠሩ ልጃገረዶች ባሉበት ቤት ደግሞ እንዴት እንደምትሰማ ያያሉ።

ስለ ጸሐፊው ቢጠይቁዎት

ይጠይቁዎታል። ቶልስቶይን የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1901 እ.ኤ.አ. ከአባልነት ለይታዋለች። የጫማ ሰፊውን ታሪክ ደግሞ የወሰደው ፈረንሳዊ ፕሮቴስታንት ሰባኪ ከነበረው ሩበን ሳየንስ ነው። አፈወርቅም በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከወራሪው ጋር ተሰልፈዋል፤ አያታቸው አርበኛ የነበሩ ሰዎች ይህን አይረሱም። እኔ የምመልሰው እውነቱን ነው፦ ሰውየው እንዲህ ነበሩ፣ ታሪኩ ይህ ነው፣ ካልፈለጋችሁ እዘጋዋለሁ። እስካሁን ዝጋ ያለኝ የለም፤ አንድ ቀን ቢመጣ ግን እዘጋለሁ።

ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ መንፈሳዊ ልብ ወለድ ሲገዙ ጾም፣ ታቦት፣ የቅዱሳን ምልጃ እንዴት እንደ ተነሡ ሁለት ሦስት ቦታ ገልጠው ይዩ። አንዳንዱ በመካከሉ የሌላውን እምነት የሚነቅፍ ስብከት ያስገባል። በገና ማታ ጠብ የሚጭር መጽሐፍ የየትኛውም ወገን ቢሆን አይጠቅምም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በአጥቢያዎ ካሉ ይጠይቋቸው፤ ለበዓሉ ጭውውት ሲያዘጋጁ ያነበቡትን ይነግሩዎታል።

ትርጉሙ ወይስ ውርሱ?

በአጭሩ፦ ለልጆችና ለአረጋውያን ውርስ ትርጉም ይሻላል፤ ሰዎቹ የአገራችን ስም ይዘው፣ ሻይ ጠጪው ጠላ ጠጪ ሆኖ ሲመጡ ጆሮ አይደናቀፍም። ለተማሩት ወጣቶች ግን እንዳለ የተተረጎመውን ይስጧቸው። ዓለም ሰፊ መሆኑንም ከመጽሐፍ ይማሩ። በደርግ ዘመን ሞስኮ ታትመው የመጡ የሩሲያ ድርሰቶች ትርጉም አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ አልፎ አልፎ ይገኛሉ፤ ዋጋቸው ቢወደድም ይግዟቸው።

ማን ያንብበው?

ሁልጊዜ እኔ ላንብብ ብለው አያስቡ። በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ሁለትና ሦስት ዓመት የቀሩ ልጆች አሉ፤ ፊደል አልጠፋባቸውም፣ ንባባቸው ግን ዝጎ ተንቀራፏል። የመጀመሪያውን ማታ እርስዎ ያንብቡ፣ ታሪኩ ሰዉን እንዲይዘው። በሁለተኛው ማታ አንዷን ገጽ ለልጁ ይስጡት። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ትልቅ ፊደል፣ ወፍራም ወረቀት ያለው መጽሐፍ የሚመርጡት ለዚህ ጊዜ ነው። ሲሳሳት አያርሙት፤ ቃሉን ራሱ ይደግመዋል።

ከማርቲን ታሪክ በኋላ በነበረው ገና፣ ገና ሳልጀምር፣ ልብ የወለደው መሆኑን ለእማሆይ ነገርኋቸው። «አውቄዋለሁ» አሉ፤ «ያን ጫማ ሰፊውን ድገመው።» የአሥራ ሁለት ዓመቱ የአጎቴ ልጅ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደ። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስት ጊዜ ተነሣበት፤ ሽማግሌው ሻይ ሲጠጣ ያለው ቦታ ላይ ነው። አፍሮ ሊመልስልኝ እጁን ዘረጋ። እማሆይ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ በእግራቸው ኩራዙን ወደ እሱ ገፉለትና «ቀስ ብለህ ልጄ፤ እኛ የምንሄድበት የለንም» አሉት።